ጋሽ አትጥረጉ

የዕድራችን ለፋፊ ድሮ በእግሩ እየዞረ ጥሩንባ ይነፋ ነበር፤ አሁን ዘመን ተሻሽሎ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ይዞራል። ባለፈው ጾም አንድ ማለዳ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ ያ ባጃጅ የአዳማን አቧራ እያስነሳ መጣ። «የዕድራችን አባል ጡረተኛው ኢንስፔክተር ደገፋ ስላረፉ፣ አባላት በሙሉ...» ሲል መፋቂያውን ከአፌ አወጣሁ። ለፋፊው ደጄ ላይ ሲደርስ ባጃጁን አስቆመና ማጉያውን ከአፉ አርቆ በራሱ ድምፅ፣ «ጋሽ አትጥረጉ እኮ ናቸው» አለኝ። በስማቸው ብቻ ያላወቅኳቸው መስሎት ነው።

አወቅኳቸው እንጂ። እንዴት አላውቃቸው!

ልብሴን ለባብሼ ቤታቸው ስደርስ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነበር። በሩ ላይ የዕድሩ ሴቶች መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ተሰብስበዋል። ለቀስተኛ ሳይገባ ሳሎኑ መጠረግ አለበት፤ ወጉ ነው። ግን አንዷም ደፍራ ደጃፉን አላለፈችም።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኳቸው።

«ቢቆጡንስ?» አለችኝ አንደኛዋ፣ ዓይኗ እንባ እንደሞላ።

«ማን ነው የሚቆጣሽ? እሳቸው እንደሆኑ ሞተዋል።»

«ቢሞቱስ!» አለች ሌላዋ። ይኼኔ ሴቶቹ ሁሉ እያለቀሱ ሳቁ፤ እኔም አላስቻለኝም። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥራቸው ልጀምር። ጋሽ ደገፋ ለብዙ ዓመት የወንጀል ቦታ መርማሪ ነበሩ። ሰው ተገድሎ ሲገኝ ቀድመው ገብተው ደሙን፣ አሻራውን፣ የወደቀውን የሸሚዝ ቁልፍ የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ በሲቪል የተቀጠርኩ ፎቶ አንሺያቸው ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ አነሳለሁ፤ በሥራ ቀን የሳቸውን ጉድ አነሳለሁ። ከአዳማ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ፣ ወዲህ ደግሞ እስከ አርሲ ከተሞች አብረን ያልዞርንበት የለም። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንተ ካሜራ» ነው የሚሉኝ። አጭርና ደልዳላ ሰው ነበሩ፤ በዚያ የአዳማ ሙቀት ኮታቸውን አያወልቁም። ምክንያቱን አንድ ቀን ብጠይቃቸው «ኪስ ያስፈልገኛል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማንኛውም ቤት ሲገቡ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ይከትታሉ። እጅ ሳይታሰብ በር ይነካል፣ ወንበር ይደገፋል፤ ኪስ የገባ እጅ ግን ምንም አያበላሽም ይሉ ነበር። ልማዱ ሥራ ቦታ ላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ለልጄ ክርስትና እኛ ቤት የመጡ ዕለት ባለቤቴ እጇን ለሰላምታ ዘርግታ ብትጠብቅ ብትጠብቅ የሳቸው እጅ ከኪስ አይወጣም። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙና «ቤቱ ሰላም ነው?» አሏት። ግራ ገብቷት «ሰላም ነው» ስትል ነው እጃቸውን አውጥተው የጨበጧት። ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ደገፋ ደጃፍ ላይ ቆመው «ቤቱ ሰላም ነው?» ይላሉ፤ ባለቤቱ «ሰላም ነው» ይላል፤ እጃቸው ይወጣል፤ ምግብ ይቀርባል።

በዚህ ዓለም ላይ አብዝተው የሚጠሉት ነገር መጥረጊያ ነበር። መቼም የእኛ አገር ሰው ደግ ነው። ጎረቤት ሞተ ሲባል ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት ቤቱ ይጠረጋል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ዕቃው ይነሳል፣ አልጋው ይታጠፋል። እኛ ደርሰን በሩን ስንከፍት ቤቱ የሠርግ ቤት ይመስላል። ጋሽ ደገፋ እጃቸውን ኪሳቸው እንደከተቱ መሀል ሳሎን ላይ ቆመው ይጮኻሉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትላላችሁ፤ እናንተ ግን ሳያድር ታጥቡታላችሁ! ገዳይ የሚገድለው ሰውየውን ነው፤ መጥረጊያ ደግሞ እውነቱን ደርቦ ይገድላል!»

በመጨረሻ ጩኸቱ ሲሰለቻቸው ወደ ዕድሮች መሄድ ጀመሩ። እሁድ እሁድ የዕድር ስብሰባ ባለበት ሁሉ ይገኛሉ። የመዋጮው ወሬ ሲያልቅ ይነሱና፣ «ወገኖቼ፣ ሰው በበሽታ ካልሞተ አትጥረጉ» ብለው ይጀምራሉ። አንድ የዕድር ዳኛ፣ «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ የሚሉን ሳይጠረግ እንግዳ ይግባ ነው? ነውር አይደለም እንዴ?» ቢላቸው፣ «ድንኳን ጣሉ! ደጅ ይቀመጥ! ነውሩ ነፍሰ ገዳይን አብሮ ንፍሮ ማብላት ነው!» ብለው መለሱለት። ሰው ሳቀ። ጋሽ አትጥረጉ የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው።

ስሙም ትምህርቱም ሰረጸ፤ አንዳንዴም ከልኩ አለፈ። አንድ ጠዋት ከአንድ ዕድር አስቸኳይ ስልክ መጣልንና መሣሪያችንን ተሸክመን በረርን። ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ በዕድሩ ዳኛ እጅ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። ማን ሞተ ስንል፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የነበሩ አንዲት እጅግ ያረጁ እናት ናቸው፤ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። የዕድሩ ዳኛ ደረቱን ነፍቶ፣ «አንድም ሰው አላስነካንም፣ ኢንስፔክተር» አለ። ጋሽ ደገፋ ሳቃቸውን በሳል ሸፋፍነው ገቡ፣ ሟችን ተሳለሙ፣ ወጡና፣ «እሳቸውን የገደላቸው ዕድሜ ነው፤ አሻራ አይተውም። በሉ ጥረጉ» አሉ። ወደ አዳማ ስንመለስ መኪናው ውስጥ እስኪያማቸው ሳቁ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በደራው ጉዳይ የተሳሳተው።

ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄዱ የምታገኟት የገበያ ከተማ ናት። ታምሩ የሚባል እህል ነጋዴ ነበር እዚያ። ቤቱ ከፊት ሳሎን ነው፤ ከሳሎኑ በመጋረጃ ተከልሎ የእህል መጋዘኑ አለ፤ ከመጋዘኑ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የላሜራ በር አለ። ሚስቱ አስናቀች ማለዳ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ ሳሎን ውስጥ፣ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ አገኘችው። ደም ፈሷል። ደም ግፊት ነበረበት፤ ዞሮበት ወድቆ ጠረጴዛው መትቶት ነው አለች እሷም፣ እሪታዋን ሰምቶ የመጣው ጎረቤትም። ሬሳው ወደ ጎን ተነሳ፤ አስናቀችና የዕድሩ ሴቶች ወለሉን አጠቡ። በኋላ ነው ሬሳውን የሚያጥቡት ሰዎች የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል መሰበሩን ያዩት። ጠረጴዛ እንዲያ አያደርግም። ፖሊስ ተጠራ፤ ከአዳማ እኛ ተጠራን።

ስንደርስ ሳሎኑ ገና እርጥብ ነበር። ጋሽ ደገፋ ፊታቸው ቀላ። እኔ እንደ ልማዴ ከየጥጉ ፎቶ አነሳሁ። እሳቸው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መጋዘኑን በባትሪ ቃኙት፤ ከጣሪያ የሚደርስ ጆንያ ነው፤ የጓሮው በር ለብርሃን ተብሎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተመልሰው አስናቀች ፊት ቆሙ። ሴትዮዋን ሁለት ሰዎች ደግፈዋታል።

«ለምን አጠብሽው?» አሏት።

«ሰው ሊመጣ ነው ብዬ ነዋ» አለች።

«ያጠበ እጅ የሚደብቀው አለው!»

ግቢውን የሞላው ሰው ሁሉ ሰማ። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አንዱ በስልኩ ቀርጿት ኖሮ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ነበረች። ከሞጆ እስከ አሰላ ሚኒባስ ውስጥ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ባሏን ገድላ ደሙን ያጠበችው ተባለች። በዚያው ሰሞን ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምተናል የሚሉ ምስክሮች መጡ፤ ጨቅጭቃ የማታውቅ ሚስት ያለች ይመስል! አስናቀች ታሰረች፣ ተከሰሰች። ማህሌት የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻቸው፤ እሷን የአባቷ እናት ወሰዷት። ልጅቷም ከአያቷ አፍ የሰማችው ያንኑ ነው፤ እናትሽ አባትሽን ገደለችው።

ወራት አለፉ። ክሱ እየተሰማ ነው፣ ቤቱ እንደታሸገ ነው፣ ሰው ሌላ ወሬ ይዟል። ጋሽ ደገፋ ስለ ደራ አያነሱም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በዚህ መሀል አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት እናታቸው ታመው ቆይተው አረፉ። ቀበርን፣ ተሰናበትን።

በሠልስቱ ማግስት ስቱዲዮዬ ቁጭ ብዬ የሠርግ ፎቶ ሳስተካክል ጋሽ ደገፋ ከች አሉ። ጺማቸው አልተላጨም፣ ዓይናቸው አብጧል። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ቤቱ ሰላም ነው» አልኳቸው ሳይጠይቁኝ።

አልሰሙኝም። «አንተ ካሜራ፣ የደራውን አውጣልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ላይ እኮ ነዎት። ይደርሳል።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ። «እናቴ ያረፈች ጠዋት ዓይኗን ከደንኩላት። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። አበበች ስትመጣ ሳሎን ውስጥ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን በጨርቅ ሳሽ አገኘችኝ። ደገፋ ምን እያደረግህ ነው ብትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ?»

«ምን አሏት?»

«ሰው ሊመጣ ነው።»

አበበች ባለቤታቸው ናቸው። ጋሽ ደገፋ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። እኚህ ሰው ስንት ሬሳ ሲያነሱ አይቻለሁ፤ ሲያለቅሱ ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እጄ ነው ያጠበው» አሉ። «እኔ እዚያ አልነበርኩም። አስናቀችን አስሬያታለሁ፣ አንተ ካሜራ። በአፌ ነው ያሰርኳት።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሳሎኑን ፎቶ አገላብጠው አገላብጠው አንዱ ላይ ቆሙ፤ ከፍ አድርገው አዩት። ወለሉ ላይ እርጥበቱ ከደጃፉ ይነሳል፣ ሶፋው ሥር ይሄዳል፣ መጋረጃው ጋ ሲደርስ በመስመር ይቆማል። ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያለው የመጋዘኑ ወለል ደረቅ ነው። ጋሽ ደገፋ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ እንጂ አልነኩም፤ ልማድ ነው።

«ደም የሚደብቅ ሰው እዚህ ያቆማል?» አሉ።

«ምናልባት ደክሟት...»

«ዝም በል። ተነስ፣ ፈቃድ እናስወጣ።»

ፈቃዱ ቀላል አልነበረም። አለቆቻቸው የተዘጋ ነገር ምን ያስከፍታል አሉ፤ ጡረታቸውም ደርሷል፣ በሰላም ይውጡ ብለው መከሯቸው። እሳቸው ግን ቢሮው በር ላይ እየሄዱ መቆም ጀመሩ። በመጨረሻ የሰለቻቸው አለቆቹ ናቸው።

ደራ ስንደርስ ጋሽ ደገፋ በቀጥታ ወደ ታሸገው ቤት አልገቡም። መጀመሪያ የዕድሩን ሴቶች መሪ አዴ ጫልቱን አስጠሩ። አዴ ጫልቱ የተከበሩ ባልቴት ናቸው፤ ያን ዕለት አብረው ያጠቡትም እሳቸው ናቸው። እያኮረፉ መጡ።

«አካም ቡልተን፣ አዴ» አሏቸው ጋሽ ደገፋ።

«ደህና ነን። ደግሞ ማንን ልታስር መጣህ?»

«ማንንም። ያን ዕለት እንዴት እንዳጠባችሁ ሊያሳዩኝ ነው የምለምንዎት።»

አዴ ጫልቱ አተኩረው አዩዋቸው። ከዚያ ማኅተሙ ተነስቶ ሲገባ ደረቅ መጥረጊያ ያዙና ከመጋረጃው ሥር ጀምረው ወደ ደጃፉ እየገፉ አሳዩን። «እሷ ውሃ ትደፋለች፣ እኛ እንገፋለን። ያ ረቢ! እንባዋ ከውሃው ይበልጥ ነበር።»

«ከመጋረጃው ወዲያስ?»

«ከመጋረጃው ወዲያ ምን አለን?»

«ለምን አላጠባችሁትም?»

አዴ ጫልቱ እንደ ሞኝ አዩዋቸው። «እንግዳ መጋረጃ አያልፍም፣ ልጄ። እንግዳ የማይደርስበትን በለቅሶ ቀን ማን ያጥባል?»

ጋሽ ደገፋ አቀርቅረው ቆሙ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጡና መጋዘኑ ገቡ። ባትሪያቸውን መሬት ላይ አስጠግተው በጆንያዎቹ መሀል ተንፏቀቁ። ገለባ ውስጥ የጠቆሩ ጠብታዎች ነበሩ፤ ከመጋዘኑ ወደ ሳሎኑ የሚሄዱ። ታምሩ የተመታው ሳሎን አልነበረም። መጋዘን ውስጥ ተመትቶ፣ እየተንገዳገደ መጋረጃውን አልፎ ነው ጠረጴዛው ሥር የወደቀው። እሺ፣ መቺውስ በየት ወጣ?

የጓሮው የላሜራ በር ያን ዕለት ለብርሃን ተከፍቶ ስለነበር የውስጥ ፊቱ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ አላየነውም። ጋሽ ደገፋ በእርሳስ ጫፍ ገፋ አድርገው ዘጉት። ከመወርወሪያው በላይ፣ በሰማያዊው ቀለም ላይ፣ የደረቀ የደም መዳፍ ነበር። ሙሉ መዳፍ፤ ከነጣቶቹ። ሰፊ የወንድ እጅ።

«አንሳ» አሉኝ ቀስ ብለው። ቸኩዬ የመጀመሪያውን ፎቶ አበላሸሁት።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሻራ ማሰባሰብ ነበረብን። ጋሽ ደገፋ መጋዘኑን የሚረግጥ ሰው ሁሉ እንዲሰጥ አደረጉ፤ ተሸካሚ፣ ሹፌር፣ ደላላ፣ ሁሉም። ማንም እንዳይከፋው ቀድመው የራሳቸውን፣ ቀጥለው የእኔን ጣቶች ቀለም ቀቧቸው። ሰው እየቀለደ ሰጠ። ከታምሩ ጋር የሚሠራው ደላላም ቀልዶ ሰጠ፤ እምቢ ቢል ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር።

ውጤቱ ሳይመጣ ችሎቱ ደረሰ፤ ጋሽ ደገፋ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናቸው። ችሎቱ በኦሮምኛ ነበር፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። አስናቀች ከስታ ነጠላዋ ወድቋል፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ዐቃቤ ሕጓ የታጠበ ወለል አግኝተዋል ወይ አለቻቸው። አግኝቻለሁ አሉ። ተከሳሿ ማጠቧን አምናለች ወይ? አምናለች።

«ለምን ያጠበች ይመስልዎታል?»

«እኔም እናቴ የሞተች ዕለት አጥቤያለሁ» አሉ ጋሽ ደገፋ።

ዐቃቤ ሕጓ ወረቀቷን አገላብጣ፣ «ኢንስፔክተር፣ የራስዎን ሪፖርት እያፈረሱ ነው?» አለቻቸው።

«እኔ ራሴ ነኝ የቆሸሸ ያቀረብኩት፤ እኔው ላጥራው። ያን ዕለት ተናድጄ ነበር። የተናደደ መርማሪ ግማሽ ቤት ነው የሚያየው። የቀረውን ግማሽ አሁን አይቼዋለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ውጤቱን እንዲጠብቅልኝ እለምናለሁ።» ከዚያ፣ ያልተጠየቁትን፣ ፊታቸውን ወደ አስናቀች አዙረው፣ «ያጠበ እጅ የሚደብቀው አለው ያልኩት ስህተት ነው» አሉ። ይችን ማንም በስልኩ አልቀረጻትም።

የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚባል ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። እስከሚቀጥለው ድረስ ጋሽ ደገፋ ከስተው ኮታቸው ሰፋቸው። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ስልክ ደወሉልኝ። «ደላላው ነው» አሉ፤ ስልኩ ተዘጋ። እኔም ሙሽሮች ፊት፣ ፎቶ እያስመረጥኳቸው፣ ቁጭ ብዬ «ተመስገን» ብዬ ጮህኩ። እነሱ ፎቷቸው ስላማረ መስሏቸው ደስ አላቸው።

ደላላው መዳፉን ሲያሳዩት ብዙ አልተከራከረም። ሚዛኑን አጭበርብረሃል፣ አላጭበረበርኩም ተባብለው ኖሮ በሚዛኑ ብረት መትቶታል፤ በጓሮ ወጥቶ እጁን ታጥቦ፣ ቀን ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ በልቷል። ጋሽ ደገፋ ለዕድሮቹ ሲጮኹ የኖሩት ነገር ቃል በቃል ደረሰ።

አስናቀች በነጻ የወጣች ዕለት ማረሚያ ቤቱ በር ላይ እኛም ነበርን። እህቷ አቅፋት እልልታው ሲቀልጥ ጋሽ ደገፋ ራቅ ብለው መኪናው ጋ ቆመዋል። አስናቀች ራሷ መጣች። ትሰድባቸዋለች ብዬ ሰጋሁ፤ ብትሰድባቸውም ሐቋ ነው። እሷ ግን፣ «ልጄ ታምነኛለች?» ብቻ አለች።

«ነይ እንሂድ» አሏት።

አያትየው ቤት ስንደርስ ማህሌት እናቷን ስታይ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። አስናቀች ደጃፉ ላይ ቀረች፤ መሬት ላይ የወደቀች መሰለኝ፣ ቆማ እያለች። ጋሽ ደገፋ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ማንም «ሰላም ነው» ሳይላቸው ያወጡት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከነኮታቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ማህሌት፣ እኔ ፖሊስ ነኝ። እናትሽ አባትሽን አልገደለችም። ያደረገው ሌላ ሰው ነው፣ ተይዟል። ገደለች ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ተሳስቼ ነው።»

ልጅቷ ካለችበት ሆና፣ «ታዲያ ለምን ደሙን አጠበችው?» አለች።

«ሰው ሊመጣ ስለነበረ።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እኛ። ለእኛ ነው ቤቷን ያጸዳችው። እኛ ደግሞ መጥተን አሰርናት።»

ማህሌት አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በእጃቸው ወደ ደጃፉ አመለከቷት። ልጅቷ መጀመሪያ ቀስ አለች፣ ከዚያ ሮጠች። የዚያን ዕለት ያልተነሳ ፎቶ ይቆጨኛል፤ ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር፣ ዓይኔ ግን አያይም።

ወደ አዳማ ስንመለስ አዋሽ መልካሳ ላይ ሐብሐብ ገዛን። ጋሽ ደገፋ መንገድ ዳር ቆመው ጭማቂው አገጫቸው ላይ እየወረደ በሉ፣ በሉ፤ ከዚያ «እፎይ» አሉ። እኚህን ሰው ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያ «እፎይ» ነው። ከብዙ ወራት በኋላ የተለቀቀ ትንፋሽ ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ዕድር መዞራቸውን አልተዉም። ትምህርቱ ላይ ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። «አትጥረጉ» ይሉና፣ «የጠረገችውን ደግሞ አትፍረዱባት» ይላሉ። በየፋሲካው ደራ ይሄዳሉ። አስናቀች በሩን ስትከፍት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው «ቤቱ ሰላም ነው?» ይሏታል።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ይዘው፣ ስቀን አልቅሰን ቆመናል። አንዲት ባጃጅ መጥታ ቆመች፤ አስናቀች ወረደች፤ ከኋላዋ ለግላጋ ልጃገረድ የሆነችው ማህሌት። ከደራ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘው ነው የመጡት። አስናቀች ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማንንም ሰላም ሳትል አንደኛዋን ሴት መጥረጊያውን ተቀበለቻት። ደጃፉ ላይ ግን እሷም ቆመች።

እትዬ አበበች ከውስጥ ተደግፈው ወጡ።

«ቤቱ ሰላም ነው?» አለች አስናቀች።

እትዬ አበበች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ሰላም ነው፣ ልጄ። አልጋው ላይ፣ እጄን ይዞ ነው ያረፈው። ጥረጊው፤ ሰው ሊመጣ ነው።»

ሌሎቹ ሴቶች ተከትለዋት ገቡ። ማህሌት ውሃ ታርከፈክፋለች፣ አስናቀች ትጠርጋለች። ደጅ ቆሜ በተከፈተው በር አያታለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል፣ ልቤ ግን ቀሎታል። ሴቶቹ ሳሎኑን አዳርሰው ጓዳውን የከለለው መጋረጃ ጋ ሲደርሱ እንደ ወጉ ቆሙ። አስናቀች ግን አልቆመችም። ገልጣው ገባችና ጓዳውንም ጠረገችው።